ስለ ክረምት የአውቶሞቢል ጎማ አመራረጥ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፤ ለባለ እርሻዎችና ለወረዳ ሹማምንት የቀረበ ትምህርት

ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይልቅ የእርሻ ሥራ የሹሞችን እግር አጥብቆ የሚሻው በሰኔ፤ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬ የሚታደለው፤ የከብት በሽታ እንደ ተነሣ ተሰምቶ ሐኪም የሚላከው፤ ጎርፍ የሰበረው ክትር የሚታየው በዚሁ ጊዜ ነው። መንገዱ የሚከፋውም በዚሁ ጊዜ ነው። እንግዲህ ሥራው በሚበዛበት ወራት መንገዱ ስለሚከፋ፤ በመንገድና በሥራ መካከል የሚቆመው የአውቶሞቢሉ ጎማ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ይህ ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጤፍ በጥቁር መሬት ላይ የሚዘራው በሐምሌ ስለ ሆነ፤ ዘር የጫነ አውቶሞቢል በዋልካ ተይዞ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ገበሬው ያጣው አንድ ሳምንት ብቻ አይደለም፤ የዓመቱን የዘር ወቅት ነው እንጂ። አብዛኛውም የከብት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተጠበቀ ኀይሉን ያጣል፤ ስለዚህ አውቶሞቢሉ በጭቃ ውስጥ ሲያድር በሣጥኑ ያለው በረዶ ይቀልጣል፤ በማግሥቱም ሐኪሙ ደርሶ ቢከትብ ከብቱ ከበሽታው አይድንም። ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስማ በሰዓት የሚቈጠር ነው።

ስለዚህ ይህ ትምህርት ያረጀ ጎማ በሚለወጥበት ጊዜ ምን ዐይነት መግዛት እንደሚገባ፤ ምልክቱ እንዴት እንደሚነበብ፤ ከተገዛም በኋላ እንዴት እንደሚጠበቅ በተራ ይገልጻል።

ክፍል 1። ጎማ የሚሠራው ሥራ

ሙሉ ክብደቱ 2,400 ኪሎ የሆነ የመስክ አውቶሞቢል በአራቱ እግሮቹ ላይ እኩል ቢያርፍ በያንዳንዱ ጎማ ላይ 600 ኪሎ ይወድቃል። የጎማው አየር 2.2 ባር ቢሆን፤ ጎማው መሬት የሚነካው 270 ካሬ ሳንቲሜትር በሚሆን ስፍራ ነው። ይህም ማለት ሁለት መዳፍ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚሸፍኑትን ያህል ነው። ሰውና ዕቃ፤ ሞተርና ብረት ሁሉ ከመሬት ጋር የሚገናኙት በዚህች ጠባብ ስፍራ ብቻ ነው።

ብዙ ሰዎች አውቶሞቢላቸው በአራቱም መንኰራኵር የሚሳብ ስለ ሆነ ለጎማው ብዙ አይጨነቁም። ይህ ስሕተት ነው። አራቱም መንኰራኵር መሳቡ ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ምንም አይረዳም። ፍሬን መንኰራኵሩን ይይዛል፤ መሬትን የሚይዘው ግን ጎማው ነው። ማናቸውም አውቶሞቢል፤ በሁለት ቢሳብ ወይም በአራት፤ የሚቆመው በአራቱም ጎማ ነው። እንዲያውም በአራት የሚሳበው ያለ ችግር ስለሚነሣ ነጂውን ያዘናጋዋል፤ የመንገዱንም ክፋት ቍልቍለት ላይ ደርሶ ፍሬን ሲረግጥ ነው የሚያውቀው።

ይህን በቍጥር ብናየው የበለጠ ይገለጣል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል፤ የጎማው የመያዝ ኀይል ከክብደቱ ከ10 እጅ 7 እጅ ሲሆን፤ ይኸውም በደረቅ አስፋልት ላይ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ 20 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። በዝናብ ረጥቦ የመያዙ ኀይል ወደ 4 እጅ ቢወርድ 35 ሜትር ይፈልጋል። ወደ 2 እጅ ቢወርድ፤ ይኸውም በተረገጠ በረዶ ላይ እንደሚታየው፤ 70 ሜትር ይሆናል። ወደ 1 እጅ ቢወርድ፤ እንደ ረጋ በረዶ ማለት ነው፤ 140 ሜትር ይሄዳል። የረጠበ ጥቁር ጭቃም እንደ በረዶው ሊያንሸራትት ይችላል። እንግዲህ ነጂው አንድ፤ ፍሬኑም አንድ ሆኖ ሳለ 20 ሜትሩን 140 ሜትር ያደረገው በጎማና በመሬት መካከል ያለው መያያዝ ነው።

ክፍል 2። የክረምት ጎማ በተባለው ስም እንዳንሳሳት

በገበያ የክረምት ጎማ የሚባል አለ። በእኛ ቋንቋ ክረምት ማለት የዝናብና የጭቃ ወራት ነው፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን የብርድና የበረዶ ወራት ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት ስለ ሆነ፤ ለበረዶ የተሠራውን ጎማ ለጭቃ ይሆናል ብሎ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል።

ለበረዶ አገር የተሠራ ጎማ ታሪኩ እንዲህ ነው። በፊንላንድ አገር በ1934 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቈጣጠር ለጭነት አውቶሞቢል የሚሆን የመጀመሪያው የበረዶ ጎማ ተሠራ፤ በ1936ም ለትንንሽ አውቶሞቢሎች የሚሆነው ተከተለ። ይህ ጎማ ከሌላው የሚለይበት ነገር ሁለት ነው። ፊተኛው፤ ላስቲኩ ለስላሳ መሆኑ ነው። ተራው ጎማ ብርዱ ከ7 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀም ላስቲክ መሬት አይጨብጥም፤ የበረዶው ጎማ ግን በብርድ እንደ ለሰለሰ ይኖራል። ሁለተኛው፤ በጥርሶቹ ላይ እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ብዙ ስንጥቆች መኖራቸው ነው፤ እነዚህ ስንጥቆች በረዶውን ይነክሳሉ።

እንዲህ ያለው ጎማ በአገራችን ወይና ደጋና ቆላ ሲነዳ ላስቲኩ በሙቀት ይልሞሰሞሳል፤ ቶሎ ያልቃል፤ በሞቀ አስፋልት ላይም ፍሬን ሲያዝ ከተራው ጎማ ይልቅ አርቆ ይቆማል። ስንጥቆቹም ቀጫጭኖች ስለ ሆኑ ዋልካ ሲገባባቸው አይተፉትም፤ ጎማው በአንድ ዙር ተለብጦ እንደ ድቡልቡል ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ከበረዶ አገር ከመጣ አውቶሞቢል ጋር አብሮ የመጣ የበረዶ ጎማ ጥርሱ ረጅም ነው ተብሎ ብቻ አይወደድ።

ምልክቱን ለማወቅ የጎማውን ጎን ማየት ነው። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ተሥሎ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ካለበት፤ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ የታለፈ ነው። ኤምና ኤስ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ብቻ ካሉበት ግን፤ ትርጓሜያቸው ጭቃና በረዶ ቢሆንም፤ ሠሪው ስለ ጥርሱ አቀራረጽ የሰጠው ቃል ነው እንጂ በብርድ የተፈተነበት ምስክር አይደለም። በዚህ ምክንያት የጀርመን መንግሥት ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ፤ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ በበረዶ መንገድ ለሚነዳ ሰው ባለ ተራራው ምልክት ያለበትን ብቻ ይቀበላል።

ክፍል 3። ለእኛ ክረምት የሚስማማው ጎማ

ጎማ የሚመረጠው በመንገዱ ነው። አስተዋይ ሹም ጎማ ከማዘዙ በፊት ያለፈውን ዓመት የአውቶሞቢሉን መዝገብ ተመልክቶ ከመቶ ኪሎሜትር ስንቱ በአስፋልት፤ ስንቱ በፒስታ፤ ስንቱ በዋልካ እንደ ሆነ ያስላ። ለመስክ አውቶሞቢል የሚሆኑት ጎማዎች ሦስት ወገን ናቸው።

1ኛ። የአስፋልት ጎማ። ጥርሱ የተቀራረበ፤ ፈሩ ጠባብና በዙሪያው የተዘረጋ ነው። አዲስ ሳለ የፈሩ ጥልቀት 8 ወይም 9 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዝናብ አስፋልት ላይ ውሃውን በፈሩ እያስወጣ መሬቱን ይጨብጣል፤ ድምፅ የለውም፤ ነዳጅም ይቈጥባል። በጭቃ ግን ወዲያው ይለበጣል። ከከተማ ከተማ ለሚመላለስ ሹም የሚበቃ ነው።

2ኛ። የሁሉ መንገድ ጎማ። ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ፤ ፈሩም ከ10 እስከ 13 ሚሊሜትር የሚጠልቅ ነው። በጠጠርና በፒስታ ላይ ይጠነክራል፤ በቀላል ጭቃም ያልፋል፤ በአስፋልትም ላይ መልካም ሆኖ ይቆማል። ግማሹን ቀን በአስፋልት፤ ግማሹን በቀበሌ መንገድ ለሚውል የወረዳ አውቶሞቢል ከሁሉ የሚሻል ይህ ነው።

3ኛ። የጭቃ ጎማ። ጥርሶቹ ጕብታ ጕብታ ሆነው የተራራቁ፤ ፈሩም እስከ ዳር ድረስ የተከፈተ ነው። መንኰራኵሩ ሲሽከረከር የያዘውን ጭቃ ይወረውርና ዳግመኛ ይነክሳል። ነገር ግን በረጠበ አስፋልት ላይ መሬት የሚነካው ላስቲክ ጥቂት ስለ ሆነ አርቆ ይቆማል፤ ይጮኻል፤ በአስፋልትም ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ከዋልካ ለማይወጣ ሰው ካልሆነ በቀር አይመከርም። ጭቃን ፈርቶ የጭቃ ጎማ ያደረገ ሰው በዓባይ በረሃ ቍልቍለት በዝናብ ሲወርድ የሚጠብቀውን አደጋ ማሰብ አለበት።

ስለ ዋልካ ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ጥቁር መሬት ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው፤ የበቾና የፎገራ ሜዳዎችም የዚሁ ወገን ናቸው። ይህ አፈር ደቃቅ ሸክላው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያጣብቃል። በጎማ ላይ ከመለበጡም በላይ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ መንኰራኵሩን ጨርሶ ያስረዋል። ስለዚህ ለውበት ሲባል ከልኩ የበለጠ ትልቅ ጎማ ማግባት በዋልካ አገር ጕዳት ነው፤ ጭቃው የሚወጣበት ስፍራ ያጣልና።

ስለ ስፋቱም እንዲህ ነው። ጭቃው ቀጭን ሆኖ ከሥሩ ጠጠር ወይም ጽኑዕ መሬት ካለው ጠባብ ጎማ ጭቃውን ቈርጦ ወርዶ ጽኑዑን ይይዛል። ጭቃው ጥልቅ ሆኖ መቆሚያ ከሌለው ግን ሰፊው ጎማ ይሻላል፤ ሰፊ እግር ያለው ከብት በረግረግ እንደማይሰምጥ ነው።

መርሳት የማይገባው አንድ ነገር አለ። ሙሉ በሙሉ በጠገበ ዋልካ ላይ የሚያልፍ ጎማ የለም። እንዲህ ባለ ቀን ፀሐይ ግማሽ ቀን እስኪመታው መጠበቅ፤ ወይም አውቶሞቢሉን ከጠጠሩ ላይ አቁሞ በበቅሎ መሄድ ነውር አይደለም። ነውሩ መንገዱ ከፋ ብሎ በገበሬው ቡቃያ ላይ መንዳት ነው። አንዱ ነጂ የተዘራውን ደምስሶ ካለፈ ሌላውም ይከተለዋል፤ የመንኰራኵሩም ፈለግ በጎርፍ እየተቦረቦረ በሁለተኛው ዓመት ቦረቦር ይሆናል። ሹም ሊያለማው የመጣውን እርሻ በጎማው እንዳያጠፋ ነጂውን አጥብቆ ይዘዝ።

ክፍል 4። በጎማው ጎን የተጻፈው እንዴት እንደሚነበብ

ለምሳሌ 265/70 አር 16፤ ቀጥሎም 112 ኤስ የሚል ጽሕፈት ያለበትን ጎማ እንውሰድ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 70 እጅ መሆኑን ያሳያል፤ ይኸውም 185.5 ሚሊሜትር ነው። አር የተባለው ፊደል በውስጡ ያለው ሸራ ክር ከመካከል ወደ ዳር እንደ ጨረር መዘርጋቱን ያመለክታል። 16 የቸርኬው ወርድ በኢንች ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ቸርኬው 406.4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከላይና ከታች ሁለቱን ጎን ብንጨምርበት የጎማው ሙሉ ቁመት 777 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ይህን ስሌት ማወቅ የሚጠቅመው ለለውጥ ነው። 265/65 አር 17 የሚል ጎማ በዚሁ መንገድ ቢሰላ ቁመቱ 776 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ከፊተኛው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ቸርኬው ግን ለየብቻ ነው። ቁመቱ ከአውቶሞቢሉ ልክ የራቀ ጎማ ቢገባ ፍጥነት የሚያሳየው ሰዓት ይዋሻል፤ ማርሹም ይከብዳል። ትክክለኛው ልክ በነጂው በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ወይም ሠሪው በሰጠው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል።

112 የሚለው ቍጥር የሚሸከመውን ክብደት የሚገልጽ ምልክት ነው፤ ይኸውም ለአንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ነው። 121 ቢሆን 1,450 ኪሎ ይሆናል። ኤስ ደግሞ በሰዓት 180 ኪሎሜትር ድረስ የሚታገሥ ማለት ነው፤ ኪው ቢሆን 160 ነው። በወረዳ መንገድ ከፍጥነቱ ይልቅ ሸክሙን መመልከት ይበልጣል። ዘርና ማዳበሪያ የሚጭን አውቶሞቢል በኋላው እግሩ ላይ የሚያርፈው ይከብዳልና፤ የሸክሙ ቍጥር ከሠሪው ትእዛዝ ያነሰ ጎማ በምንም ምክንያት አይገዛ። ኤል ቲ የሚል ምልክት ያለበት ጎማ ለቀላል ጭነት አውቶሞቢል የተሠራ ነው፤ ሸራው ወፍራም ስለ ሆነ ስለታም ድንጋይ ይችላል፤ ነገር ግን ያንኑ ክብደት ለመሸከም የበለጠ አየር ይሻል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሻው የተሠራበት ዘመን ነው። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደሎች በኋላ በሚመጣው ጽሕፈት መጨረሻ አራት ቍጥሮች አሉ። ሁለቱ ፊተኞች ሳምንቱን፤ ሁለቱ ኋለኞች ዓመቱን ያሳያሉ። 2224 የሚል ቢገኝ በ2024 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ይኸውም በእኛ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ቍጥሩ የፈረንጅ መሆኑን የዘነጋ ሰው ግን በብርቱ ይታለላል። መጨረሻው 16 የሆነውን ጎማ አይቶ በ2016 ዓ.ም. የተሠራ አዲስ ነው ቢል፤ እርሱ በፈረንጅ 2016፤ በእኛ ከ2008 እስከ 2009 ዓ.ም. የተሠራ አሮጌ ጎማ ነው። የስምንት ዓመት ያህል ልዩነት በሁለት ቍጥር ተሰውሮ ይቀራል።

ክፍል 5። ስለ መግዛት

ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። በተለይ የደጋ ፀሐይ ጎኑን ይሰነጣጥቀዋል። ብዙ ሠሪዎች ጎማ ከተሠራ 5 ዓመት ሲሞላው በየዓመቱ በዐዋቂ እንዲመረመር፤ 10 ዓመት ከሞላው ግን ጥርሱ ቢኖርም እንዲለወጥ ይመክራሉ። ስለዚህ በመጋዘን ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጎማ በአዲስ ዋጋ አይገዛ። ያገለገለ ጎማም ቢገዛ ዘመኑን ማንበብ፤ ጎኑን በጣት አጥፎ ስንጥቅ እንዳለ ማየት፤ ከውስጥም ቍስሉና ልጣፉ መመርመር ያስፈልጋል።

የጥርሱን ልክ ለማወቅ ተራ ማስመሪያ ይበቃል። በፈሩ ውስጥ 1.6 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸው ትንንሽ ጕብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነርሱ ጋር ከተካከለ ጎማው ሞቷል። ነገር ግን ይህ የመጨረሻው ዳር ነው። ለዝናብ መንገድ ከ3 ሚሊሜትር በታች፤ ለጭቃና ለበረዶ ከ4 ሚሊሜትር በታች ሆኖ ክረምት መግባት አይገባም። ፈሩ ከጐደለ ውሃው መሄጃ አጥቶ በጎማው ሥር ይቆማል፤ አውቶሞቢሉም ከመሬት ተላቅቆ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፤ በዚያን ጊዜ መሪ ቢያዞሩት አይታዘዝም።

በአራቱም መንኰራኵር ዘወትር በሚሳብ አውቶሞቢል አራቱን ጎማ አንድ ጊዜ መለወጥ ይገባል። ሁለቱ አዲስ፤ ሁለቱ ያለቁ ከሆኑ ቁመታቸው ስለሚለያይ አንዱ ከሌላው ይልቅ ይሽከረከራል፤ ኀይል የሚያካፍለው ጥርስ ያለ ዕረፍት ይፋጫል፤ በመጨረሻም ከጎማው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ጕዳት ይመጣል። ስኮርታውም በልክና በዐይነት ከአራቱ ጋር አንድ ይሁን። አራቱ እኩል እንዲያልቁ በየ8,000 ወይም በየ10,000 ኪሎሜትሩ የፊተኛውን ወደ ኋላ፤ የኋለኛውን ወደ ፊት እያደረጉ ማፈራረቅ መልካም ነው።

ዋጋውን በጎማው ሳይሆን በመንገዱ ማስላት ይገባል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ጎማ በ12,000 ብር ተገዝቶ 20,000 ኪሎሜትር ቢሄድ፤ ሌላው በ20,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ኪሎሜትር ቢሄድ፤ ፊተኛው ለ1,000 ኪሎሜትር 600 ብር፤ ሁለተኛው 400 ብር ወሰደ ማለት ነው። እንግዲህ ርካሽ የተባለው ተወደደ። በጨረታ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ የሚመለከት የግዢ ሹም ይህን ይመዝን፤ በትእዛዙም ወረቀት ላይ ልኩን፤ የሸክሙን ቍጥር፤ የጥርሱን ዐይነትና የተሠራበትን ዘመን በግልጽ ያስጽፍ። የቸኰለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፤ ሳይጻፍ የታዘዘ ጎማ ኋላ ክርክር ያመጣል።

ክፍል 6። ስለ አየሩ

መልካም ጎማ ተገዝቶ አየሩ ካልተስተካከለ ገንዘቡ በከንቱ ፈሰሰ። አየር የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፤ በማለዳ፤ ከመነሣት በፊት ነው። አየሩ ሲያንስ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ በዝናብም አስፋልት ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ሲበዛ መሬት የሚነካው መካከሉ ብቻ ይሆናል፤ በፒስታም ላይ ይነጥራል።

አገራችን ቆላና ደጋ ስለ ሆነ ሌላም ነገር ማወቅ ይገባል። ወደ ደጋ ሲወጣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ በመለኪያ የሚታየው የጎማ አየር ይጨምራል፤ ብርዱ ደግሞ ይቀንሰዋል። ከአዋሽ ቆላ፤ ይኸውም ወደ 1,000 ሜትር ከሚሆን ስፍራ ተነሥቶ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ወዳለው ወደ ደብረ ብርሃን ለሚወጣ ሰው የከፍታው ለውጥ 0.2 ባር ያህል ይጨምርለታል፤ ሙቀቱም ከ35 ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ ያንኑ ያህል ይወስድበታል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይተካከሉምና ሥራው በሚሠራበት አገር አድሮ በማግሥቱ ማለዳ መለካት ይሻላል።

በጭቃ የተያዘ አውቶሞቢል ሞተሩን በማስጮኽ አይወጣም፤ ጕድጓዱን ያጠልቃል እንጂ። ይልቁንስ አየሩን ከ2.2 ወደ 1.6 ባር ያህል ቢቀንሱለት ጎማው ይተኛል፤ መሬት የሚነካውም ስፍራ ይሰፋል። ከዚያም በዝግታ ማርሽ ይወጣል። ነገር ግን ስለታም ድንጋይ ባለበት ይህን ማድረግ አይገባም፤ ጎኑ ይቀደዳልና። ከጭቃውም እንደ ወጡ ፈጥኖ መንፋት ግዴታ ስለ ሆነ መለኪያና የጎማ መንፊያ ከክሪኩ ጋር አብረው ይኑሩ። የብረት ሰንሰለት በጎማው ላይ ማሰርም በጭቃና በበረዶ ይረዳል፤ በዝግታ ብቻ ይነዳ፤ አስፋልት ሲደርስም ይፈታ።

ክፍል 7። እውነተኛ ብርድና በረዶ ስላለበት አገር

በአገራችንም ብርዱ ውሃ የሚያረጋበት ስፍራ አለ። በባሌ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳኔቲን ሜዳ የሚያቋርጥ መንገድ፤ በሰሜን ተራሮችም በቧሒት በኩል የሚያልፈው መንገድ በሌሊት ውርጭ ይመታቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በረዶ ይሸፍናቸዋል። ይሁን እንጂ ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣልና፤ በዚያ ለሚያገለግል አውቶሞቢል የበረዶ ጎማ ሳይሆን፤ ጥርሱ ያላለቀ የሁሉ መንገድ ጎማ ይበቃል። ከእነዚህም ወገን ባለ ተራራው ምልክት ያለባቸው ስለሚገኙ እነርሱን መምረጥ የተሻለ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበብ ግን የማለዳው ውርጭ ሳይቀልጥ አለመነሣት ነው።

በረዶ ወራቱን ሙሉ በሚቆይበት አገር፤ እንደ ሚኒሶታና እንደ ኮሎራዶ ባለው የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ነገራቸው ሌላ ነው። ለእነርሱ ባለ ተራራው ምልክት ያለበት እውነተኛ የበረዶ ጎማ በአራቱም እግር ላይ ያስፈልጋቸዋል፤ በሁለቱ ብቻ ቢያደርጉት አንዱ ወገን መሬት ሲይዝ ሌላው ይንሸራተትና አውቶሞቢሉ ይዞራል። በካናዳ በኩዊቤክ ግዛት ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15፤ በፈረንጆች ወር ማለት ነው፤ የበረዶ ጎማ ማድረግ በሕግ የታዘዘ ነው። በጋ ሲመጣ አውልቆ ማስቀመጥ ይገባል፤ በሙቀት ይበላልና።

መደምደሚያ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በአጭሩ ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል።

የግንቦት ወር ከማለቁ በፊት የወረዳው አውቶሞቢል ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብስቦ ጎማው ይመርመር። የያንዳንዱ ጥርስ በማስመሪያ ተለክቶ፤ ዘመኑም ተነብቦ በመዝገብ ይጻፍ። ከ4 ሚሊሜትር ያነሰው ለክረምት ሥራ አይላክ። የሚገዛው ጎማ እንደ መንገዱ ይመረጥ፤ ለብዙዎቹ ወረዳዎች የሚስማማው የሁሉ መንገድ ጎማ ነው። የክረምት ጎማ ሲባል የማን ክረምት ነው ተብሎ ይጠየቅ። አራቱም ከነስኮርታው አንድ ዐይነት ይሁኑ። አየሩ በየሳምንቱ በማለዳ ይለካ።

ይህን ያደረገ ሹም ከመንገድ አይቀርም ማለት አይደለም፤ ክረምት ጕልበተኛ ነው። ነገር ግን በስንፍና ምክንያት አይቀርም። ገበሬው በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ ከማሳው ዳር ቆሞ የአውቶሞቢል ድምፅ ሲጠብቅ፤ የሚጠብቀው ዘሩን ነው፤ የልጆቹን እንጀራ ነው። በጊዜው የተለካ ጎማ ያን ድምፅ በጊዜው ያሰማዋል።